የቅዳሜው ሺፍት

ቅዳሜ ቅዳሜ «ሺፍት አለኝ» ብዬ ከቤት እወጣ ነበር። ሺፍት አልነበረኝም። ቶሮንቶ ውስጥ ከምኖርበት ሪጀንት ፓርክ በሐዲድ የሚሄደውን ስትሪትካር ይዤ ወደ ምሥራቅ እሄድና፣ ጄራርድ መንገድ ላይ ያለች አንዲት ጠባብ መጠጥ ቤት ገብቼ፣ ጢማቸውን ካስረዘሙ ሦስት ፈረንጆች ጋር ካንትሪ እዘፍናለሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እንጨርሳለን። ከዚያ የሚንት ከረሜላ እየመጠጥኩ ለመዘምራን ልምምድ ወደ ቸርች እሮጣለሁ።

ሐበሻ ይህን ሲሰማ ይስቃል። «ካንትሪ? ያ የባለ ባርኔጣዎቹ ዘፈን?» ይለኛል። ፈረንጁ ደግሞ አይስቅም፤ ዓይኑን ያፈጣል። የትኛው እንደሚሻል እስካሁን አልወሰንኩም፤ ሁለቱንም እጠረጥራለሁ። ተጠራጣሪ ሰው ነኝ፣ አልክድም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ሲባል ሌላው ሰው ተረት ይሰማል፤ እኔ ገንፎዬን በማንኪያ እበረብራለሁ።

ዘፈኑን ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው፤ ግን አስተማርኳት ብለው አያውቁም። የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ተሳቢ ይዘው ወደብ ይመላለሳሉ። ትምህርት ሲዘጋ ጋቢና ውስጥ አጠገባቸው አስቀምጠው ይወስዱኝ ነበር። ወደብ ላይ የገዟቸው የካንትሪ ካሴቶች ነበሯቸው። እንግሊዝኛው አይገባቸውም፤ ዜማው ግን ይገባቸዋል፤ ከመሪው ጀርባ ሆነው በራሳቸው ቋንቋ አብረው ይዘፍናሉ። አንድ ቀን ዳገት ላይ ሞተሩ ግሎ ቆመን፣ ውኃ እስኪመጣልን ድረስ ያንኑ ካሴት እያገላበጥን አመሸን። እኔ ከዚያ የተሻለ ጉዞ አላስታውስም።

ከዚያ አባባ ጌታን ተቀበሉ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። በዚያው ሳምንት ካሴቶቹን በሙሉ በካርቶን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ፤ ጋዝ አርከፈከፉ፤ ክብሪት ጫሩ። በዚያን ጊዜ የዳነ ሰው ሁሉ እንዲያ ነበር የሚያደርገው፤ የዓለም ዘፈን ከአማኝ ቤት አያድርም። እኔ በመስኮት አያለሁ። ፕላስቲኩ እየተኮማተረ ሲነድ አባባ ፊታቸው ላይ ደስታ ነበር፤ ሸክም ያወረደ ሰው ደስታ። እሳቱን አልፈራሁም፤ ያንን ፊት ነው የፈራሁት። ከዚያ በኋላ እነዚያን ዜማዎች ያንጎራጎርኩት ሰው የማይሰማኝ ቦታ ብቻ ነው።

ዓመታት አለፉ፤ ቶሮንቶ ገባሁ፤ እናቴ አረፈች፤ አባባን ስፖንሰር አድርጌ አመጣኋቸው። በመጡ በጥቂት ወር ውስጥ በአማርኛ ቸርቻችን የረቡዕ ጠዋቱ የአረጋውያን ጸሎት መሪ ሆኑ። እኔ ደግሞ በመዘምራኑ ሶሎ የምይዝ ነበርኩ፤ እሑድ እሑድ መድረክ ላይ ስቆም እሳቸው ፊት ወንበር ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙኛል። ይህች እንድትበላሽብኝ አልፈልግም ነበር። የቀረው ሁሉ ቢበላሽ ግድ የለኝም።

ሥራዬ ሬክስዴል ነው፤ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያንን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። እዚያ አንድ ገበሬ የነበሩ ፈረንጅ ሽማግሌ ነበሩ። ገላቸውን ላጥባቸው ስቀርብ ይማታሉ፤ ከማንም ጋር አይነጋገሩም። አንድ ጠዋት ፎጣውን እያራስኩ ሳላስበው አንዱን የጋቢና ዜማ አንጎራጎርኩ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ቀጣዩን ስንኝ እሳቸው ተቀበሉኝ፤ ጥርት ባለ ድምፅ፤ ቃል ሳይስቱ።

ዘወር ስል ልጃቸው በሩ ላይ ቆሟል፤ እሱም ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ እጁ ላይ ስልክ አለ። አለቀልኝ አልኩ። እኛ ሥራ ላይ ቤተሰብ ቅሬታ አለኝ ብሎ ኮምፕሌን ካደረገ ማንም ምን ሆነሽ ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ያሰናብታል። ቀረጸኝ፣ ሱፐርቫይዘሯ ጋ ሊሄድ ነው ብዬ ፎጣውን እንደያዝኩ ደረቅሁ። እሱ ግን ዓይኑን ጠረገና «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔና ጓደኞቼ አንድ ቤት እንጫወታለን፤ እኔ ጊታር እመታለሁ፤ መጥተሽ አንድ ብትዘፍኝልን» አለኝ።

ምን ፈልጎ ነው? ሰው ያለ ምክንያት ሰውን ወደ መድረክ አይጠራም። ጣቱን አየሁ፤ ቀለበት አለ። ይባስ ጠረጠርኩ። ምናልባት አባቱን ቤቱ እንድጠብቅለት በርካሽ ሊቀጥረኝ ይሆናል ብዬም አሰብኩ። ብዙ ሳምንት «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ሳልሄድ ቆየሁ። በመጨረሻ የሄድኩት ዜማው እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ እንዳነገትኩ ዘፈንኩ፤ ካስቀመጥኩት ይወሰዳል ብዬ። ሰዎቹ የኔ ስታይል መሰላቸው። በሦስተኛው ሳምንት ቦርሳዬን አስቀምጬ መድረክ ላይ ብወጣ አንዲት ቢራ የያዘች ሴትዮ «ቦርሳው የት ሄደ?» ብላ ጮኸች። ባርኔጣ አላደረግሁም፤ እንቢ አልኩ። ቡትስ ግን ገዛሁ፤ እሱ ለበረዶም ይሆናል።

ጭብጨባውን አላመንኩትም። ሐበሻ ሴት የፈረንጅ የገጠር ዘፈን ስትዘፍን ማን አያጨበጭብም? ሕፃን ቆሞ ሲሄድም ይጨበጨብለታል። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ፈተንኳቸው። ሁለተኛውን ዘፈን ሆን ብዬ ከቅኝቱ ዝቅ አድርጌ፣ ስንኙን እየቆራረጥኩ አበላሸሁት። አጨበጨቡ! ያቺ ባለ ቢራዋ ሴትዮማ ተነሥታ ነው ያጨበጨበችው። ሳምንቱን ሙሉ እንደተናደድኩ ሰነበትኩ፤ የማጥባቸው አረጋውያን ሁሉ ምን ሆነሻል አሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ጊታር መቺው ክሩን እየወጠረ ቀና ሳይል «ባለፈው በጣም መጥፎ ነበርሽ፤ አሞሽ ነበር?» አለኝ። በደስታ ልስመው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ሰውዬ አመንኩት፤ ጥሩ ነሽ ሲለኝም ማመን የጀመርኩት ያኔ ነው።

እንዲህ እያልኩ የቅዳሜ ሰው ሆንኩ። ራሴም ግጥም መጻፍ ጀመርኩ። ጊታር መቺው «ይህን ድምፅ የምታዞሪበትን ከየት አመጣሽው?» ይለኛል፤ ከቸርች ነው አልለውም። የመዘምራኑ መሪ ደግሞ «እህቴ፣ ይህቺ መጨረሻው ላይ የምትስቢያት ነገር አዲስ ናት፤ ከየት መጣች?» ይለኛል፤ ከመጠጥ ቤት ነው አልለውም። በሁለት ቤት እንደምትበላ ድመት ሆኜ ወፈርኩ።

ከገና በኋላ ነገር ተለወጠ። አባባ የሚመሩት የረቡዕ ጸሎት እናቶች አያያዛቸው ሌላ ሆነ። አንዷ እሑድ በር ላይ ክንዴን ያዝ አድርገው «የኔ ልጅ፣ ቅዳሜ እንዴት ነበር?» አሉኝ።

«ሺፍት ነበረኝ እማማ።»

«ደከመሽ?»

«ያው ሥራ ነው።»

«እንዲያ ነው» ብለው ዓይኔን ትንሽ አዩና ሄዱ። እንዲያ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ሌላዋ ዝንጅብል የተቀላቀለበት ማር በብልቃጥ ይዘው መጡ፤ «ለጉሮሮሽ» አሉኝ። «ጉሮሮዬን አመመኝ ያለ ማነው?» ብል «ማንም አላለም፤ ዝም ብለሽ ውሰጂ» አሉ። ማሩን አልቀመስኩትም። መርዝ አለበት ብዬ አይደለም፤ ከቀመስኩት ያመንኩ ስለሚመስለኝ ነው። ሦስተኛዋ ቤት ድረስ በስልክ ኮል አድርገው፣ ስለ በረዶው ስለ ጉንፋኑ ሲያወሩ ቆይተው «የምትነግሪን ነገር ካለ ጆሮ አለን» ብለው ዘጉ።

ደሜ ፈላ። ማስረጃ እየሰበሰቡብኝ ነው አልኩ። አንድ ሰው አይቶኛል፤ ግን ማን? የመዘምራኑን ከበሮ መቺ ጠረጠርኩት፤ በብስክሌት ምግብ የሚያደርስ ልጅ ነው፤ ከመጠጥ ቤቷ ጥብስ ድንች ሊወስድ መጥቶ ይሆናል። ልምምድ ላይ አፍጥጬ ሳየው ልጁ ምት መሳት ጀመረ፤ መሳቱንም እንደ ጥፋተኝነት ቆጠርኩበት። ቀጭኑን ድምፅ የምትይዘውን ሶፕራኖዋን ጠረጠርኩ፤ ሶሎዬን ትፈልጋለች። ፓስተሩ ስለ ሁለት ጌታ ሲሰብኩ እኔን ያዩ መሰለኝ። አባባን ብቻ አልጠረጠርኩም። እሳቸው ቢያውቁ ኖሮ ቤቱ ጋዝ ጋዝ ይሸት ነበር። እኔ የምፈራው አንዱ ወሬውን ለእሳቸው ያደርስብኛል ብዬ ነው፤ ስለዚህ ረቡዕ ከጸሎት ሲመለሱ መጀመሪያ ፊታቸውን አያለሁ። ምንም አይገኝበትም። «ዛሬ ደህና ጸለያችሁ?» እላለሁ። «ጸለይን» ይላሉ።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። ሰው በቸርች ሽማግሌዎች ከተጠራ ወይ ሊዳር ነው፣ ወይ ሊገሠጽ ነው፤ እኔን የሚያጨኝ አልነበረም። የጠሩኝ ከፈረንጆች የምንከራየው ሕንፃ ምድር ቤት ነው፤ ግድግዳው ላይ የሕፃናት ሥዕል ተለጥፏል። ሦስቱም ለሕፃናት በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል።

«እህታችን፣ ስለ ቅዳሜ ልናነጋግርሽ ነው» አለ አንደኛው።

«ማነው የነገራችሁ?» አልኩ። ሌላ ነገር ልል ተዘጋጅቼ ነበር፤ ይህ ቀድሞ ወጣ።

«ማንም አልከሰሰሽም።»

«ታዲያ በራእይ ነው?»

እርስ በርስ ተያዩ። «የጸሎት ርዕስ ሆኖ ነው የመጣው» አለ ሁለተኛው።

በእኛ ቸርች ሐሜት ኃጢአት ነው፤ የጸሎት ርዕስ ግን ኃጢአት አይደለም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በጸሎት ርዕስ በኩል ይሄዳል፤ የማን ትዳር ታመመ፣ የማን ልጅ ትምህርት አቋረጠ። «ዝርዝሩን አልናገርም፣ ብቻ ጸልዩላት» የተባለ ነገር ረቡዕ ተነሥቶ እሑድ ላይ ዝርዝሩን አሟልቶ ይደርሳል። እኔ ራሴ ስንቱን ሰምቼ «ጌታ ይርዳት» ብያለሁ። ስለዚህ ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ የቀረኝ ስሙ ብቻ ነው።

«ማን አቀረበው?»

ሦስተኛው፣ ብዙ የማይናገረው፣ ወለሉን እያየ «አባትሽ ናቸው። ከገና ጀምሮ ረቡዕ ረቡዕ ያቀርባሉ» አለኝ።

አባባ ያውቃሉ! አውቀው ከእኔ ጋር ራት ይበላሉ፤ አውቀው «ሺፍቱ እንዴት ነበር» ይሉኛል፤ ከዚያ ረቡዕ ሄደው እግዚአብሔር አፌን እንዲዘጋው ያስጸልያሉ። ካንትሪውን ከእኔ ውስጥ በጸሎት ሊያቃጥሉት ነው አልኩ። ሽማግሌዎቹ የሚሉትን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት። መጠጥ ቤቱን እስክተው ከመዘምራን «ለጊዜው አረፍ በይ» አሉኝ። ይህ የእኛ የእግድ ስም ነው። ብዙ ዓመት የዘመርኩበት መድረክ ነበር፤ አመመኝ፤ በጣም አመመኝ። ግን እተዋለሁ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣልኝም። እስከ ዛሬም አልወጣም፤ ዛሬ የራሴን ዘፈኖች ቀርጬ፣ በጋ ላይ በኦንታሪዮ ትንንሽ ከተሞች እየዞርኩ እዘፍናለሁ፤ ከመዘምራኑ መድረክ ግን እንዳረፍኩ ነኝ።

ልወጣ ስል ያ ዝምተኛው «ርዕሱ ምን እንደሆነ እሳቸውን ጠይቂ» አለኝ። ምን እጠይቃለሁ፣ አውቀዋለሁ እያልኩ ደረጃውን ወጣሁ።

አባባ ቀድመውኝ ቤት ገብተዋል። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ብርቱካን እየላጡ ነው። ኮቴን ሳላወልቅ ፊታቸው ቆምኩ።

«ለምን አባባ? ለሰው ሁሉ ከመንገርዎ በፊት ለምን ለእኔ አልነገሩኝም?»

«አንቺስ?» አሉኝ። ቢላዋውን አስቀመጡት።

«እንዴት አወቁ?»

«የሥራ ጫማሽ በር ላይ ነበር። ሥራ የሄደች ሴት ጫማዋን ትታ ትሄዳለች? ለእኔ ብላ ሁለተኛ ሥራ ይዛ ራሷን ልትገድል ነው ብዬ ተከተልኩሽ።»

ተጠራጣሪነቴን ከማን እንደወረስኩት ያን ዕለት ገባኝ። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰውዬ፣ በከዘራ፣ በዚያ በረዶ፣ በኋለኛው በር ስትሪትካር ገብተው ተከትለውኛል።

«ገቡ?»

«መጠጥ ቤት? እኔ?» ተቆጡ። «ውጪ ቆምኩ እንጂ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በወጣ ቁጥር በሩ ይከፈታል። ያን ጊዜ ትንሽ ትንሽ ሰማሁሽ።»

«በዚያ ብርድ!»

«ኮት ገዝተሽልኝ የለም?»

«አንድ ቀን ነው?»

«ረቡዕና እሑድ ቸርች ነኝ» አሉ ብርቱካኑን እያዩ። «ቅዳሜ ምን ሥራ አለኝ?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ንዴቴ ግን ገና አልበረደም፤ ሊበርድ ሲል እኔው ቆሰቆስኩት። «ታዲያ ምን ብለው ነው ያስጸለዩብኝ? እንድተው? ድምፄ እንዲዘጋ?»

በእውነት ደነገጡ። «ድምፅሽን? እሱ የሰጠውን እንዲወስድ የምለምነው እኔ ማነኝ?»

«ታዲያ ምን?»

እጃቸው ላይ ያለውን የብርቱካን ጭማቂ በመሐረብ ጠረጉ፤ እያንዳንዱን ጣት ለየብቻ። «ካሴቶቹን ሳቃጥል መስኮቱ ላይ ነበርሽ» አሉኝ። «አይቼሻለሁ። ከዚያ በኋላ ከመዝሙር በቀር እኔ ፊት አንጎራጉረሽ አታውቂም። እኔ የተኛሁ ሲመስልሽ እንኳ አታንጎራጉሪም። ልጄ እንዳትፈራኝ ጸልዩልኝ ነው ያልኩት። ለምን ቢሉኝ የቅዳሜውን ተናገርኩ፤ ሌላ ግን አልለመንኩም።»

እነዚያ እናቶች ማስረጃ አልሰበሰቡብኝም። በየተራ በር ይከፍቱልኝ ነበር፤ ቅዳሜ እንዴት ነበር እያሉ። እኔ በየተራ ዘጋሁባቸው።

«ትፈሪኛለሽ?» አሉ አባባ።

«አዎ» አልኩ። «እፈራዎታለሁ አባባ። በጣም እፈራዎታለሁ።» አለቀስኩ። እሳቸውም አላባበሉኝም፤ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ከዚያ ብርቱካኑን ከፍለው ግማሹን ወደ እኔ ገፉና «አንዲት ዘፈን አለችሽ» አሉ። «መጨረሻ ላይ የምትዘፍኚያት፤ ቀስ ብላ የምትጀምረው። ሁልጊዜ እሷ ላይ በሩ ይዘጋብኛል። እንዴት እንደምታልቅ ሰምቼ አላውቅም።»

የትኛዋን እንደሆነ አወቅሁ፤ ራሴ የሠራኋት ናት። ሰካራም ፊት፣ ባለ ጢሞቹ ፊት፣ በስልክ የሚቀርጽ ሰው ሁሉ ፊት ድምፄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ኩሽናዬ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ሽማግሌ ፊት ተንቀጠቀጠ። የመጀመሪያውን ስንኝ ለራሴ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጀመርኩት፤ ዓይኔ ፊታቸው ላይ ነው፤ ያ የድሮው ፊት ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ። አባባ ከወንበራቸው ወደ ፊት ጠጋ አሉ፤ መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አደረጉ።

«ከፍ አድርጊው» አሉኝ። «አልሰማሁሽም።»